«ልኬልሃለሁ፣ እየው»፦ ኦንላይን እቃ ስትሸጡ በክፍያ እንዳትጭበረበሩ

ላፕቶፔን የወሰደብኝ ልጅ ጨዋ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምለው ብዙ ሰው አጭበርባሪ ሲባል ፊቱን የቋጠረ፣ ዓይኑ የሚቅበዘበዝ ሰው ስለሚታየው ነው። ይሄኛው ግን በሰዓቱ መጣ። እቃውን ከፍቶ በደንብ አየ፣ ስለ ባትሪው ጠየቀኝ፣ ዋጋ ላይ ትንሽ ተከራከረ፣ ከዛ ስልኩን አውጥቶ እያየሁት ላከ። «ልኬልሃለሁ፣ እየው» ብሎ ስክሪኑን አዞረልኝ። ስሜ አለ፣ የሂሳብ ቁጥሬ አለ፣ መጠኑ አለ፣ አረንጓዴ ምልክትም አለ። ወዲያው የኔም ስልክ ጮኸ፤ «ሂሳብዎ ላይ ገቢ ተደርጓል» የሚል ቴክስት ነው። ባላንሴን ልይ ስል ኔትወርኩ አስቸገረኝ፣ እሱ ደግሞ ሰው እየጠበቀው ነበር፣ እኔም ልጁን ማቆም ነውር መሰለኝ። ሰጠሁት። ማታ አፑን ስከፍት የገባ ነገር የለም። ቴክስቱን እንደገና ሳየው የተላከው ከባንክ ሳይሆን ከተራ የሞባይል ቁጥር ነው።

ከዛ ቀን ወዲህ ብዙ እቃ ሸጫለሁ፤ የደረሰባቸውን የነገሩኝ ሰዎችም ብዙ ናቸው። ታሪኮቹ ይለያያሉ፣ መሠረታቸው ግን አንድ ነው። ሦስት ነገሮችን እናምታታለን። አንደኛው የገንዘብ ወሬ ነው፦ ስክሪንሾት፣ ቴክስት፣ ኢሜይል፣ ደረሰኝ። ሁለተኛው ሂሳባችን ላይ የገባ ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ገብቶ የማይመለስ ገንዘብ ነው። አጭበርባሪው ወሬውን ይሰጠንና እኛ ገንዘቡን እንደያዝን እናስባለን፤ ወይም ገንዘቡን ይሰጠንና የማይመለስ ይመስለናል። እቃ ከእጅ መውጣት ያለበት ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዛ መድረሳችሁን የምታውቁበት መንገድ ነው።

ወሬውና ገንዘቡ

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ፎቶ ማስተካከል የሚችል ማንም ሰው በሁለት ደቂቃ ቁጥሩን ይቀይረዋል። ከዛም አልፎ የባንክ አፕ የሚመስሉ፣ ስምና መጠን ሲጻፍባቸው ያማረ ደረሰኝ የሚያወጡ የውሸት አፖች አሉ። እኔ ፊት ለፊቴ ሲልክ ያየሁትም በዚህ ዓይነቱ ይመስለኛል። ስለዚህ «ሲልክ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ነገር አያዋጣም፤ ያያችሁት የሱን ስክሪን ነው።

እውነተኛ ደረሰኝም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። አንዳንድ ባንኮች ዝውውርን ለነገ ወይም ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ማስያዝ ያስችላሉ። ደረሰኙ የምር ነው፣ ስማችሁም አለበት፣ ግን ሰውየው እቃውን ይዞ ከተሰወረ በኋላ ቀጠሮውን ይሰርዘዋል። «በሂደት ላይ» የሚል ደረሰኝም እንደዛው ገና ያላለቀ ነገር ነው።

ቴክስትስ? እዚህ ጋ ብዙ ጠንቃቃ ሰው ጭምር ይሳሳታል። የቴክስት ላኪ ሆኖ የሚታየው የግድ ቁጥር አይደለም፣ በፊደል የተጻፈ ስምም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ስም አስመስሎ መላክ ደግሞ በብዙ ቦታ ይቻላል። ስልካችሁ መልዕክቶችን የሚሰበስበው በላኪው ስም ነው። ስለዚህ የውሸቱ ቴክስት ለዓመታት ከባንካችሁ ሲመጡ ከነበሩት እውነተኛ መልዕክቶች ስር ተሰክቶ ሊመጣ ይችላል። «ከባንኬ ቴክስት ጋር አብሮ ነው ያለው» ማለት እንግዲህ ማረጋገጫ አይሆንም። እኔ የተሸወድኩት በዚህ እንኳ አይደለም፣ በተራ ቁጥር ነው። ያኔ ከማን እንደመጣ አላየሁም፤ ያየሁት ምን እንደሚል ብቻ ነው።

ኢሜይል ላይ ደግሞ የተለመደው «ክፍያው ተፈጽሟል፣ ነገር ግን እቃውን ልከው የመከታተያ ቁጥሩን እስኪያስገቡ ድረስ ይዘነዋል» የሚል ነው። ፔይፓል ከተባለው የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት የመጣ አስመስለው ይልኩታል። ይሄ ሰው የሚያደናግረው በከፊል እውነት ስላለበት ነው፤ ፔይፓል የአዲስ ሻጮችን ገንዘብ ለጊዜው የሚይዝበት አጋጣሚ በእርግጥ አለ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ፔይፓል የያዘው ገንዘብ የራሳችሁ አካውንት ውስጥ ስትገቡ ይታያል። ኢሜይሉ ላይ ብቻ ያለ፣ አካውንታችሁ ውስጥ የሌለ ክፍያ የለም።

እንግዲህ ማድረግ ያለባችሁ ይሄ ነው። ገዢው ከመምጣቱ በፊት ባላንሳችሁን አይታችሁ ጻፉት። ልኬያለሁ ሲላችሁ በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ኢንተርኔት፣ አፑን ራሳችሁ ከፍታችሁ ግቡ፤ እሱ በላከው ሊንክ አይደለም፣ በሱ ዋይፋይም አይደለም። ሁለት ነገር እዩ፦ ባላንሱ መጨመሩን፣ እና ገቢው የዝውውር ዝርዝሩ ውስጥ መጠኑና የላኪው ስም ተጽፎ መገኘቱን። አፑ እምቢ ካለ ባንኩ ጋ ደውሉ፤ የምትደውሉት ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ወይም አስቀድማችሁ ወደምታውቁት ቁጥር እንጂ ገዢው ወደሚሰጣችሁ ቁጥር አይደለም። ይሄም ካልተሳካ እቃው ወደ ቤት ይመለሳል። ሌላ ቀን ይሸጣል።

የመጨረሻዋ ነገር ከባዷ ናት። ሰውየው ቆሟል፣ ሰዓቱን ያያል፣ «ወንድሜ አታምነኝም እንዴ?» ይላል። እዚህ ጋ ብዙዎቻችንን የሚያስበላን ሞኝነት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ሰውን በሌብነት የጠረጠርን እንዳይመስልብን እንሳቀቃለን። ለዚህ የሚጠቅመው መድኃኒት ሰውየው ፊታችሁ ከመቆሙ በፊት መናገር ነው። እኔ ቀጠሮ ስይዝ ለሁሉም ሰው የምልከው አንድ መልዕክት አለኝ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፦ «ሰላም፣ እቃውን በደንብ አይተው ከወደዱት በኋላ ይልኩልኛል። ገንዘቡ ሂሳቤ ላይ ገብቶ ሳየው አስረክባለሁ። ኔትወርክ ከዘገየ አብረን እንጠብቃለን፣ ስለዚህ በቂ ጊዜ ይዘው ይምጡ።» እውነተኛ ገዢ በዚህ አይከፋም። ሌባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመጣ ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል፣ መልዕክቱ እንደደረሰው ድምፁ የጠፋ ገዢ።

ለመቀበል ሚስጥር አያስፈልግም

ገንዘብ ለመቀበል ከናንተ የሚፈለገው ሂሳብ ቁጥር ወይም ስልክ ቁጥር፣ ከነስማችሁ ነው። በቃ። ፒን፣ የይለፍ ቃል፣ ካርድ ጀርባ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር፣ በቴክስት የሚመጣ ኮድ፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚያስወጡ ቁልፎች ናቸው። ህንድ ውስጥ ዩፒአይ በሚባለው የሞባይል ክፍያ ሥርዓት ላይ ሻጮች በዚህ በጣም ተጎድተዋል፤ ገዢ ነኝ ባዩ ኪውአር ኮድ ይልክና «ስካን አድርገህ ፒንህን ስታስገባ ገንዘቡ ይገባልሃል» ይላል። ሻጩ ፒኑን ሲያስገባ ገንዘቡ ከራሱ ሂሳብ ይወጣል። ዩፒአይ ላይ ለመቀበል ፒን አያስፈልግም፣ ለመላክ እንጂ። ይህ ህንድ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ሊከፍላችሁ የመጣ ሰው ኪውአር ኮድ ቢልክላችሁ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮድ ማሳየት ያለበት ተቀባይ ነው፣ ተቀባዩ ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ሊንኩ ትንሽ ይራቀቃል። ገዢው ይጽፋል፦ «ክፍያውን በማመላለሻ ድርጅቱ በኩል ፈጽሜያለሁ፣ እዚህ ገብተህ ገንዘቡን ተቀበል።» ሊንኩን ስትከፍቱት የምታውቁት ድርጅት አርማ አለ፣ የእቃችሁ ፎቶ ከነዋጋው አለ፣ ከስሩ «ገንዘቡን ለመቀበል የካርድ መረጃዎን ያስገቡ» የሚል ቦታ አለ። የእቃችሁን ፎቶ ስታዩ ልባችሁ ያምናል። ፎቶውን ግን የወሰዱት ከራሳችሁ ማስታወቂያ ላይ ነው። ግሩፕ-አይቢ የተባለው የሳይበር ደህንነት ድርጅት ይህን አሠራር «ክላሲስካም» ብሎ ሰይሞታል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲስፋፋ የቆየ ሲሆን የውሸት ገጾቹን የሚሠሩላቸው የቴሌግራም ቦቶች፣ ማለትም በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። አጭበርባሪው ኮምፒውተር ማወቅ አይጠበቅበትም ማለት ነው። የማስታወቂያችሁን ሊንክ ለቦቱ ይሰጣል፣ ቦቱ ገጹን አዘጋጅቶ ይሰጠዋል።

አድራሻ ማንበብ ልመዱ። ከሊንኩ ውስጥ ከ«ኤችቲቲፒኤስ» ቀጥሎ ያሉትን ሁለት እዝባሮች እለፉና የሚቀጥለውን ነጠላ እዝባር (/) ፈልጉ። የገጹን ባለቤት የሚነግራችሁ ከዛ እዝባር በስተግራ፣ እሱን ተጠግቶ ያለው ስም ነው፤ ከመጨረሻው ነጥብ በፊትና በኋላ ያለው፣ አንዳንዴም አንድ ተጨማሪ ቃል። ወደ መጀመሪያው አካባቢ የባንካችሁን ስም ብታዩም እዛ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። አድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት መኖሩም ገጹ የባንካችሁ መሆኑን አይናገርም፤ ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፣ የሌባ ገጽም ቁልፍ አለው። ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ አጭሩ መንገድ ገዢ የላከውን ሊንክ አለመክፈት ነው።

ኮድ የሚጠይቁም አሉ። «ብዙ ሌባ ስላለ እውነተኛ ሻጭ መሆንህን ላረጋግጥ፣ አሁን የሚመጣልህን ባለ 6 አኃዝ ኮድ ንገረኝ» ይላሉ። እዚህ ጋ የሚሠሩባችሁ ሥራ ከእቃው ጋር ግንኙነት የለውም። ኮዱ የዋትስአፕ ከሆነ አካውንታችሁን በራሳቸው ስልክ ላይ ይከፍቱታል፤ ከዛ ለዘመዶቻችሁና ለጓደኞቻችሁ በናንተ ስም «ቸግሮኛል፣ ትንሽ ላኩልኝ» ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በሻጩ ስልክ ቁጥር የጎግል ቮይስ ቁጥር (በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ቁጥር) ያወጡበትና ሌላውን ሰው ያጭበረብሩበታል። መልዕክቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» ይላል። አንብቡት።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። «አካውንትህ የግል ስለሆነ አልገባ ብሎ ነው፣ ወደ ቢዝነስ ለማሳደግ ትንሽ ጨምሬ ልኬያለሁ፣ ልዩነቱን መልስልኝ» የሚል ኢሜይል ውሸት ነው፤ የተላከ ነገር የለም። «ላግዝህ» ብሎ ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር የሚያስጭን ገዢ ስልካችሁን በርቀት ሊቆጣጠር ነው። እቃ ለመሸጥ አስቀድማችሁ «የኢንሹራንስ»፣ «የማስለቀቂያ» ወይም «የምዝገባ» ክፍያ የምትከፍሉበት ምንም ምክንያት የለም።

የገባው ገንዘብ የማን ነው?

አሁን ገንዘቡ በእርግጥ ገባ እንበል። አፑን ከፍታችሁ አያችሁት፣ ባላንሳችሁ ጨመረ። ብዙ መመሪያዎች እዚህ ጋ ያቆማሉ፤ ለኔ ግን ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ የሚበሉት ሁሉንም ነገር አጣርተናል ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከቼክ እንጀምር። ቼክ ሲገባ ባንኮች ገንዘቡን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንድትጠቀሙበት ሊለቁት ይችላሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ሕጉ ራሱ ያስገድዳቸዋል። ቼኩ ፎርጅድ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ባንኩ ገንዘቡን ከናንተ ሂሳብ መልሶ ይወስዳል። አጭበርባሪዎች በዚህ ክፍተት ላይ የቆየ ዘዴ አላቸው፦ ከዋጋው በላይ የተጻፈ ቼክ ይልኩና «ተሳስቼ ነው፣ ትርፉን ለእቃ አጓጓዡ በዌስተርን ዩኒየን ላክልኝ» ይላሉ። የላካችሁት የራሳችሁ እውነተኛ ገንዘብ ነው፤ የተቀበላችሁት ወረቀት ነው። ሌቦች በሐዋላ በኩል ገንዘብ መቀበላቸው የዚህን ያህል ተስፋፍቶ ስለነበር ዌስተርን ዩኒየን በ2017 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት 586 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ለቼክ ብቻ አይደለም። ማንም ሰው ከዋጋው በላይ ቢልክላችሁ ልዩነቱን በእጃችሁ ወደ ሌላ ሂሳብ አትላኩ። የምር ተሳስቶ ከሆነ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ዝውውሩ ባለበት እንዲመለስ ጠይቁ። በመጣበት መንገድ ይመለስ። «ወደዚህ ቁጥር መልስልኝ» ብሎ የሌላ ሰው ሂሳብ ከሰጣችሁ ነገሩ ግልጽ ነው።

ካርድና ፔይፓል ላይ ያለው አደጋ መልኩ ሌላ ነው። የካርድ ባለቤት ባንኩን «ይህን ክፍያ አልፈጸምኩም» ወይም «እቃው አልደረሰኝም» ብሎ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል፤ ቻርጅባክ ይባላል። በቪዛና በማስተርካርድ ይህ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ ይቻላል። ፔይፓል ላይ ገዢ ቅሬታ ለማቅረብ 180 ቀን አለው። ስድስት ወር ማለት ነው። በተሰረቀ ካርድ የከፈለ ሌባ እቃውን ወስዶ ይጠፋል፣ የካርዱ ባለቤት ከወር በኋላ ሲያየው ያስመልሳል፣ ባዶ እጃችሁን የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። ሐቀኛ ያልሆነ ገዢም አለ፤ እቃው ደርሶት «አልደረሰኝም» የሚል።

ስለዚህ በነዚህ ስትሸጡ ማስረጃችሁን ከመጀመሪያው ሰብስቡ። እቃውን የምትልኩት ፔይፓል የክፍያ ዝርዝሩ ላይ ወዳሳያችሁ አድራሻ ብቻ ነው። «ተዛውሬያለሁ፣ ወደዚህኛው ላክልኝ» ካለ ሻጭን የሚጠብቀው ከለላ ይቀርባችኋል፤ ክፍያውን መልሱለትና በትክክለኛው አድራሻ እንደገና ይክፈል። የመከታተያ ቁጥር ያለው መላኪያ ተጠቀሙ፤ 750 ዶላርና ከዛ በላይ ከሆነ ፔይፓል የተቀባይ ፊርማም ይፈልጋል። በተለይ ይህን ልብ በሉ፦ በፔይፓል ከፍሎ «ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ» ወይም «ጓደኛዬን እልካለሁ» የሚል ገዢ። እቃውን በእጃችሁ ስትሰጡ የመከታተያ ቁጥር የለም፤ ነገ «አልደረሰኝም» ቢል የምታቀርቡት ነገር አይኖራችሁም። በአካል ለሚመጣ ሰው በጥሬ ገንዘብ ወይም በቀጥታ የባንክ ዝውውር ሽጡ።

በባንክ ዝውውርም ቢሆን የላኪውን ስም ሳታዩ አትለፉ። ሰው የማይጠረጥረው ዘዴ አለ። አጭበርባሪው የናንተን ማስታወቂያ ኮፒ አድርጎ በሌላ ቦታ እንደራሱ እቃ ይለጥፈዋል። አንድ ምስኪን ገዢ ያገኛል። ያ ገዢ «ክፍያ ላክ» ሲባል የሚሰጠው የናንተ ሂሳብ ቁጥር ነው። ገንዘቡ ከሱ ወደናንተ ይገባል፣ እቃውን ግን ከናንተ የሚቀበለው ሌባው ነው። ከቀናት በኋላ ገዢው ፖሊስ ጋ ሄዶ የሚከሰው ማንን ነው? ገንዘቡ የገባበትን ሂሳብ ባለቤት። እናንተን። ባንኩ ሂሳባችሁን ሊያግድ ይችላል፣ እናንተም ምንም ሳታጠፉ ማስረዳት ውስጥ ትገባላችሁ። አንዲት የማውቃት ልጅ በዚህ ሳምንታት ተንከራታለች፤ ያዳናት ከወሳጁ ጋር ያደረገችውን ሙሉ ቻት አለማጥፋቷ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው፣ ይሉኝታን ማለፍ ብቻ ይፈልጋል። ገንዘቡን የላከው ሰው ስምና እቃውን የሚወስደው ሰው ስም አንድ መሆን አለበት። «ወንድሜ ነው የላከልኝ» ካለ ወንድምየውን በስልክ አናግሩት፤ ምን እቃ፣ በስንት፣ ለማን እንደገዛ ራሱ ይንገራችሁ፣ እቃውን ለዚህ ሰው እንድትሰጡም በጽሑፍ ይላክላችሁ። ቁጥሩን ወሳጁ ሰጥቷችሁ የሚመልሰው ሌላ ሌባ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ እቃው ውድ ከሆነ እኔ ከሦስተኛ ሰው ክፍያ ጭራሽ አልቀበልም። መታወቂያ ማየትም መብታችሁ ነው፤ ትልቅ ነገር ስሸጥ በዝውውሩ ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያው ጋር አመሳክራለሁ።

በክሪፕቶ የሚከፍሏችሁ ከሆነ ለማይገባችሁ ነገር እሺ አትበሉ። ዝውውሩ ካለቀ አይመለስም፣ ይሄ ለሻጭ ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘውን የዩኤስዲቲን ስም የያዘ የውሸት ዲጂታል ገንዘብ ማንም ሰው ፈጥሮ ሊልክላችሁ ይችላል፣ ዋሌታችሁ (የክሪፕቶ ቦርሳችሁ) ላይ ስሙ ያው ሆኖ ይታያል። ቢትኮይን ከሆነ ደግሞ ዝውውሩ ማለቁን ለማመን በተለምዶ ከኔትወርኩ 6 ማረጋገጫ ይጠበቃል፣ አንዱ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ያን ያህል የማይጠብቅ ገዢ ይሂድ።

ስለ መገበያያው ቦታ አንድ ነገር ልበል። ክፍያ የሚያልፍበት ማርኬትፕሌስ ላይ ከሆናችሁ ከዛ አትውጡ። «ኮሚሽኑን ለምን ትከፍላለህ፣ በቴሌግራም እንጨርስ» የሚለው ሰው የሚያወጣችሁ ከከለላችሁ ነው። ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን ይዞ ቢያቆየውስ፣ ማለትም የአደራ ክፍያ ቢሆንስ? ጥሩ ነው፣ ሦስተኛውን ወገን የመረጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ። ገዢው «የምጠቀመው በዚህኛው ነው» ብሎ የሚያመጣው ስሙ የማይታወቅ የአደራ ድርጅት ብዙ ጊዜ የራሱ ገጽ ነው።

ከመላካችሁና ከማስረከባችሁ በፊት

ማስታወቂያውን ከመለጠፋችሁ በፊት የእቃውን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ ፎቶውን ግን ማስታወቂያው ላይ አታውጡት። ስልክ ከሆነ *#06# ስትደውሉ ባለ 15 አኃዝ አይኤምኢአይ ቁጥሩ ይወጣል፣ ጻፉት። ይህ ለሁለት ነገር ይጠቅማችኋል። ቢሰረቅ ለማመልከት አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ ገዢው ጤነኛ እቃ ወስዶ የራሱን የተበላሸ እቃ «ያንተ ነው» ብሎ እንዳይመልስ ነው። በፖስታ ስትልኩ ስታሽጉ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ሳይቋረጥ፣ ሴሪያሉ ታይቶ፣ ካርቶኑ ተዘግቶ፣ አድራሻው እስኪለጠፍ ድረስ። ክብደቱ የተጻፈበትን የመላኪያ ደረሰኝም ያዙ፤ «ባዶ ካርቶን ነው የደረሰኝ» ለሚል ሰው መልስ የሚሆነው እሱ ነው።

አይፎን ስትሸጡ ክፍያው ሳይረጋገጥ ከአፕል አካውንታችሁ አትውጡ። አካውንታችሁ እስካለ ድረስ ስልኩ ለሌላ ሰው አይከፈትም፣ ለሌባም ብዙ አያወጣም። ገንዘቡ ገብቶ ካያችሁ በኋላ ግን ገዢው ፊት ከአካውንቱ ውጡና ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፉለት፤ ያለዚያ እሱን ነው የምትጎዱት። አንድሮይድም ላይ የጎግል አካውንት እንዲሁ ነው።

በአካል ስትገናኙ ሰው የሚበዛበት፣ ብርሃን ያለው፣ ኔትወርክ የሚሠራበት ቦታ ይሁን። ቦታውን እናንተ ምረጡ። ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለጥበቃ ብቻ አይደለም፣ ገዢው በወሬ ሲያጣድፋችሁ አብሯችሁ ያለው ሰው አፑን ረጋ ብሎ ያያል። ጥሬ ገንዘብ ከሆነና መጠኑ ትልቅ ከሆነ ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ተገናኙ፤ ገንዘብ ተቀባዩ ቆጥሮ፣ ፎርጅድ አለመሆኑን አይቶ ሂሳባችሁ ላይ ያስገባዋል፣ እቃውን እዛው ትሰጣላችሁ። ኖቱን ቆጥሮ ከሰጣችሁ በኋላ «ቆይ ልድገመው» ብሎ መልሶ ለሚቀበል ሰው ደግሞ ከመጨረሻው ቆጠራ በኋላ እናንተም እንደገና ቁጠሩ።

ካመለጣችሁ

በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ የምታደርጉት ከሁሉም ይበልጣል። ፒን፣ ኮድ ወይም የካርድ መረጃ ከሰጣችሁ ምንም ሳታስቡ ባንክ ደውላችሁ ካርዱንና ሂሳቡን አሳግዱ፣ ከዛ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። ገንዘብ ከላካችሁ የተቀባዩ ሂሳብ እንዲያዝ ባንካችሁን ጠይቁ፤ ገንዘቡ እስኪወጣ ድረስ ዕድል አለ፣ ሌባውም ይህን ስለሚያውቅ ፈጥኖ ነው የሚያወጣው። በንዴት ቻቱን አታጥፉ፣ ሰውየውንም አትሳደቡ፤ ብሎክ ሲያደርጋችሁ ወይም አካውንቱን ሲያጠፋ መረጃው አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪንሾት አንሱ፦ ፕሮፋይሉን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ሂሳብ ቁጥሩን፣ የተላከላችሁን ደረሰኝ፣ ሰዓቱን። ከዛ ለፖሊስና ለመገበያያው ድረ ገጽ አመልክቱ። ማፈር የለባችሁም። እኔ አፍሬ ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ፣ እነዛ ሁለት ቀናት የሱ ነበሩ።

ስለ ጉዳታችሁ በአደባባይ ከጻፋችሁ «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። ሃከር ነን ይላሉ፣ ጠበቃ ነን ይላሉ፣ የፖሊስ አርማም ይልካሉ። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። እነዚህ ሁለተኛ ዙር ሌቦች ናቸው፤ አንዳንዴም የመጀመሪያው ሌባ ራሱ ነው።

የኔ ላፕቶፕ አልተመለሰም። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ መርማሪው በመጀመሪያ የጠየቀኝ የሴሪያል ቁጥሩን ነበር። ካርቶኑን ከዓመት በፊት ጥዬዋለሁ፣ ፎቶ አላነሳሁም፣ «ጥቁር ነው፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ጭረት አለው» ከማለት ሌላ የምነግረው አልነበረኝም። እሱም ይህንኑ ጻፈ። ዛሬ ቤት ያለውን እቃ ሁሉ፣ የምሸጠውንም የማልሸጠውንም፣ ሴሪያሉን በፎቶ ይዣለሁ።